የግራራችን ወፍ

መስኮቱ ሥር ወፍ ስትዘምር የልጅ ልጄ «እማማ፣ ሰሟት?» አለችኝ።

ናዝሬት የባቡር ጣቢያና ጥቂት ቤቶች ብቻ በነበረችበት ዘመን፣ ዓይነ ስውሩ አያቴ በየማለዳው ግራራችን ሥር ዳዊት ይደግሙ ነበር። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ግን ድግማቸውን ገታ አድርገው ከላያቸው ያለችውን ወፍ ያዳምጣሉ። «ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲደበድባት ከርማ፣ ሲያባራ ቀድማ የምታመሰግነው እሷ ናት። እኛ ጠግበንም እናማርራለን» ይሉኛል።

አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ አበባ ስንለቅም፣ ጓደኞቼ ጉድ እንዲሉልኝ ጎጆዋን በረጅም እንጨት አወረድኩት። እንቁላሎቿ ተሰበሩ። ወፏም በዚያው ቀረች።

በማግስቱ አያቴ ፊታቸውን ወደ ግራሩ ቀና አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ወፏ እየዘመረች ነው?»

«አዎ፣ አባባ» አልኩ።

«እኔ አልሰማኋትም። ባቡሩን እሰማለሁ፤ ቀጭን ድምፅ ግን እየራቀኝ ነው ማለት ነው። ዓይኔን የወሰደ ጆሮዬንም ቢወስድ የራሱ ነው፤ ተመስገን። በይ አንቺ ስሚልኝ።»

መስከረም እስኪያልቅ በየማለዳው አጠገባቸው ተቀምጬ የሌለችው ወፍ እንዴት እንደምትዘምር ነገርኳቸው። እሳቸውም በየማለዳው መረቁኝ።

የልጅ ልጄ አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነው።

«አልሰማኋትም፤ በይ አንቺ ስሚልኝ» አልኳት፤ ወፏ ግን እየዘመረች፣ እኔም እየሰማኋት ነበር።