ልጄን በሁለት ሊለውጧት የፈለጉ ጊዜ

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በበጋው መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጫውታለች። ቡድኑ በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ሲሸነፍ ከረመ። ከታች ሁለተኛ ሆነ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቡድኖች ደግሞ ይወርዳሉ።

የተሸነፈ ሰው የሚጠላው ሰው ይፈልጋል። የእኛ ከተማ ሰዎች ልጄን አገኙ።

እኔ ኳስ አላውቅም ነበር፤ በእሷ ነው ያወቅሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዬን ለብሼ ከሜዳው ዳር ካለው የሲሚንቶ ደረጃ እቀመጣለሁ። ቀድሞ ስደርስ ደጋፊዎቹ ብድግ ብለው ቦታ ይለቁልኝ ነበር። በዚያ ዓመት እያዩኝ እንዳላየ ይሆናሉ። ልጄ ኳስ ስትይዝ ከኋላዬ ይጮሃሉ።

"አክስቴ! ከዘራ ይምጣልሽ?"

"ቀስ በይ አክስቴ፣ አውቶቡሱ ጥሎሽ አይሄድም!"

አንድ ቀን ልጄ በቅያሪ ወጥታ ስትቀመጥ ቆሎ የሚቆረጥም አንድ ጎልማሳ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁ።

"ሐዋሳዎች በእሷ ፈንታ ሁለት ልጆች ሊሰጡን ነው አሉ።"

"ሁለት ልጅ? እኔ ሁለት ዓሣ ቢሰጡኝም እለቃታለሁ።"

ሳቁ። ዞር አልሁ።

"ዓሣ ከፈለግህ ጣና እዚያ ነው። ገብተህ አውጣ" አልሁት።

መልሰው ሳቁ፤ ያሁኑ ሳቅ በእኔ ነበር።

ወሬው እውነት ሆነ። ሰኞ ዕለት ከመሥሪያ ቤቱ በር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቡድኑን ለማጠናከር አንዲት "ልምድ ያላት ተጫዋች" በሁለት ወጣቶች ለመለወጥ ከሐዋሳ ቡድን ጋር ንግግር ላይ ነን ይላል። የልጄን ስም አልጻፉም። መጻፍም አላስፈለጋቸውም። ልጄ ወረቀቱን ያነበበችው ወደ ሥራ ስትገባ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያያት ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ልውውጡ ብቻ አልነበረም። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የቡድኑ መሪ ልጄን ሲወስዳት ሽማግሌ ልኮ ነው። በዚያ ጊዜ ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ በሰው ፊት ትሩጥ ማለት ቀላል አልነበረም። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው፣ ልክ ለጋብቻ እንደሚጠየቅ፣ ከመደባችን ተቀምጠው "ልጅዎን ለቡድናችን ይስጡን" አሉ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ በወጉ መሠረት ሁለት ጊዜ መለሳቸው። በሦስተኛው፣ መሪው ራሱ አብሯቸው ሲመጣ፣ እሺ አለ። "አደራ፣ ስትጨርሱ በወሰዳችሁበት መንገድ መልሷት" አላቸው። የቡድኑ መሪ ተነሥቶ የባለቤቴን ጉልበት ስሞ ቃል ገባ።

እውነት ለመናገር ውለታም አለው። ልጄ በዚያ ኳስ ሥራ አገኘች፤ ቤታችን በሥራዋ ቆመ። ባለቤቴ የሞተ ዕለት ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው ብዬ ስንት ጊዜ ጸልዬለታለሁ። የጊዮርጊስ ማኅበርም አብረን እንጠጣለን፣ እሱ፣ ሚስቱና እኔ። ለዚህ ነው የበለጠ የመረረኝ። ባዕድ ቢሆን እተወው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የልጄ ቀኝ ጉልበት አልቆ ነበር። ከልምምድ ስትመለስ ደረጃ የምትወጣው በጎኗ ነው። ማታ ማታ በሙቅ ውኃና በጨው አሽላታለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቁምጣዋ ሥር የሚታሰረውን ጨርቅ የማጠብቅላት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። መማል ደግ አይደለም፤ ግን እናት ነኝ፣ ማልሁ።

ዐርብ ዕለት የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበር። በእኛ ሥርዓት ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀመሰ በኋላ የዕለቱ ተረኛ ጽዋውን ለመጪው ወር ተረኛ ያስረክባል። የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀባበልም። የመጪው ወር ተረኞች የቡድኑ መሪና ሚስቱ ነበሩ። ይህን ሳምንቱን ሙሉ አውቀዋለሁ። ምን እንደማደርግ ግን እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም ነበር።

ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሞላ። ስለ ኳስ ማንም አላነሣም። ዳቦው ተቆረሰ። የንስሐ አባታችን "በይ አስረክቢ" አሉኝ። ጽዋውን በጨርቅ እንደተሸፈነ በሁለት እጄ ያዝሁ። የመሪው ሚስት ተነሥታ እጇን ዘረጋች።

"አላስረክብም" አልሁ።

"ምን አልሽ?" አሉ አባ።

"ተጣልቻለሁ አባቴ። ከባልዋ ጋር።"

ሚስቱ እጇን ሰበሰበች። ወትሮ እርስዎ ነበር የምትለኝ። "በኳስ? በኳስ ነው ጽዋ የምትከለክይን፣ አንቺ?" አለች።

"በልጄ ነው።"

"ያንቺ አንዲት ናት። ቡድኑ ከወረደ ይዘጋል፤ ዐሥራ አንድ ሴቶች ወደየቤታቸው ነው። እነሱ እናት የላቸውም?"

ይህ ቃል ወጋኝ፤ ሐሰት ስላልሆነ።

የቡድኑ መሪ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ተናገረ። "እትዬ ይስሙኝ። ሁለቱ ልጆች ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ይሮጣሉ። የእርስዎ ልጅ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቆማ ነው የምትጫወት። ጠልቻት ነው? አሳድጌያት?"

"ስትወስዳት ሦስት ሽማግሌ ላክህ። ስትሰጣት ግን በር ላይ ወረቀት ለጠፍህ።"

"ጊዜው ተለውጧል እትዬ።"

"አደራው አልተለወጠም።"

ከጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንደው ለእውነቱ ልጅቱ ደክማለች። እኔም አይቻለሁ።"

"ከሬዲዮ ሌላ የት አይተዋታል?" አለቻቸው አጠገባቸው ያለች ሴት። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አባ በመስቀላቸው መደቡን መታ መታ አደረጉ።

እኔ ግን ዐይኔን ከመሪው አልነቀልሁም። እልሁ ከልቤ አልፎ አፌ ላይ ደረሰ።

"የሐዋሳዎቹ አሠልጣኝ የነገውን ጨዋታ ልታይ መጥታለች አሉ። ጉልበቷ ማለቁን ነግረሃቸዋል?"

ከማለቴ መሐላዬን አስታወስሁ። ቀና ስል ልጄ ጓዳው በር ላይ ጠላ የተሞላ ጆግ ይዛ ቆማለች።

መሪው አልደነገጠም። "አውቃለሁ" አለ። "የቢሮውን ደረጃ ስትወጣ ካየኋት ቆየሁ። አልጠየቁኝም፣ አልነገርኋቸውም። ሳይታወቅባት ብትሄድ ለእሷም ይሻላል፣ ለእኛም።"

"ይህ ከሰማዕቱ ጽዋ ፊት የሚነገር ነው?" አሉ አባ።

"አባቴ፣ እናቷም እኮ አልተናገሩም" አላቸው ወደ እኔ እያመለከተ። "ይኼው ስንት ወር።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሱን ሐሰተኛ ነህ ልል ተነሥቼ ሐሰቱን ከእሱ ጋር ተካፍዬ ተገኘሁ። ጽዋውን ከመሶቡ ላይ መልሼ አስቀመጥሁት። አባ "ሁለታችሁም ንስሐ እስክትገቡ ጽዋው እዚሁ ይቆያል" አሉ። ማኅበርተኛው ዳቦውን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ። በእኛ ማኅበር እንዲህ ያለ ቀን ታይቶ አያውቅም። የመሪው ሚስት ስታልፍ ነጠላዋ እንዳይነካኝ ሰበሰበችው።

ልጄ ብርጭቆዎቹን ስታጥብ አጠገቧ ቆምሁ። ፀሐይ ገና አልገባችም።

"እማ፣ ጨረስሽኝ" አለች።

"አወቅሁ።"

"መሄድ የፈለግሁት እኔ ነበርሁ እኮ። አንድ ዓመት ብቻ። አክስቴ የማይለኝ ሰው ፊት አንድ ዓመት ተጫውቼ ላቆም ነበር።"

ይህን አልነገረችኝም ነበር። እኔ ለእሷ ስጣላ እሷ የምትፈልገውን አልጠየቅኋትም። ይቅር በይኝ አልኋት። ብርጭቆውን ማጠቧን አላቆመችም።

"ሽማግሌ፣ አደራ እያልሽ የተጣላሽው ለአባዬ ነው ወይስ ለእኔ?" አለችኝ።

"ለአባትሽ" አልሁ። እውነቱ ያ ነበር።

ቆይቼ "ነገ ጠዋት ለሐዋሳዋ አሠልጣኝ እነግራታለሁ" አልኋት።

"ከነገርሻት አትወስደኝም።"

"ሳታውቅ ከወሰደችሽ ደግሞ በሁለት ወር ትደርስበታለች። ያን ጊዜ አክስቴ አይደለም የሚሉሽ፤ አታላይ ነው።"

"አሁን ሐቀኛ ሆንሽ?"

"አሁን ነው የሆንሁት።"

እጇን አድርቃ ገባች። ያን ማታ ጉልበቷን እንዳሽላት አልፈቀደችልኝም፤ ብቻዋን ታሸዋለች ብዬ ውኃውን አሙቄ ከበሯ አስቀመጥሁላት።

በማግሥቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሐዋሳዋ አሠልጣኝ ወዳረፈችበት ሆቴል ሄድሁ። ሐይቁ ዳር ነው። ረጅም ሴት ናት፤ በረንዳው ላይ ብቻዋን እንቁላል ፍርፍር ትበላለች። የማን እናት እንደሆንሁ ስነግራት ተነሥታ ወንበር ሳበችልኝ። ይብሉ አለችኝ፤ ጾመኛ ነኝ አልኋት።

"የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው" አልሁ። "የልጄ ቀኝ ጉልበት አልቋል። ሐኪም አይታ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ የቡድናችን መሪም ያውቃል። አንቺ ግን አላወቅሽም።"

ሹካዋን አስቀመጠች። ፊቷ ተለወጠ።

"እማማ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በመኪና ነው የመጣሁት" አለች። "ሁለት ልጆቼን ልሰጥ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

"ልክ ነሽ።"

"አሁን እኔ ምን ልሠራ ነው የመጣሁት? ይንገሩኝ።"

ልለምናት አልመጣሁም ነበር። ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ከዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን አውቃለሁ።

"ጨዋታውን እይ" አልኋት። "እግሯን አትይ፤ እግሯ አልቋል። ኳሱ ገና ሳይደርሳት ማን ነጻ እንደሆነ የምታይበትን ዐይኗን እይ። ትንንሾቹ ሲሳሳቱ ጠርታ የምትነግራቸውን ስሚ። ያን የሚፈልግ ቡድን ካላችሁ ውሰጃት፤ ከሌላችሁ እግዚአብሔር በሰላም ይመልስሽ።"

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ቁጣዋ አልበረደም፤ ከንፈሯን እንደነከሰች ናት። ከዚያ ሻይዋን በአንድ ትንፋሽ ጠጣችና ቦርሳዋን አነሣች።

"ሜዳው በየት በኩል ነው?" አለችኝ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ፤ ቀድሜያት መንገዱን አሳየኋት።