ፈረሱን የሚያይ ሰው

በመካኒሳ ወደሚገኘው የእትዬ አስካለ የሥዕል ቤት በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ከቅኔ ቤት የወጣሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕልም ከመምህሬ የተማርሁ ዲያቆን ነበርሁ። እትዬ አስካለ የሚያሠሩት ግን ሌላ ነበር፦ ፋብሪካና ባቡር ሳይመጡ የነበረውን የእንግሊዝ ገጠር፣ ወንዙን፣ የውኃ ወፍጮውንና የድርቆሽ ጋሪውን፣ ከአሮጌ አልበም እያዩ በውኃ ቀለም መሣል።

«ሁለት ሳምንት እሞክርሃለሁ። ካልሆነልህ ወደ ደብርህ ትመለሳለህ» አሉኝ።

ወረቀቱን በውኃ አርሶ በጣውላ ላይ መወጠርን በአንድ ቀን ለመድሁ። ደመናውን ግን በነጭ ቀለም ሸፈንሁት። እትዬ አስካለ የነጩን ቀለም ብልቃጥ ከእጄ ወሰዱ።

«ነጩ ወረቀቱ ነው። አትንካው።»

ለእኔ ባዶ ቦታ መተው ሥራን ሳይጨርሱ መነሣት ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የላፍቶው ገበሬ ጋሽ በዳዳ የጋሪውን ሥዕል አዘዙ፤ ማሳቸው በቤት ሳይከበብ የነበረውን ጊዜ አስታውሷቸው ነው። በአልበሙ ጋሪ ነጂው የሚታየው በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው። እኔ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሬ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሣልሁ።

«ይህን ሰው ምን አዞረው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«በእኛ ሥርዓት በአንድ ዓይን የሚሣለው ከሓዲ ነው። ይህ ሰው ድርቆሽ ከመጫን በቀር ምን በደለ?»

ሊቆጡ ጀምረው ሳቁ። ሥዕሉን ሊወስዱ የመጡት ጋሽ በዳዳ ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጋሪ እየነዳ እኔን ምን ያየኛል? ፈረሱ ቦይ ሊከተው ነው እኮ። አልወስደውም።»

የውኃ ቀለም አይፋቅም። የቀረኝ አንድ ወፍራም ወረቀትና አንድ ቀን ነበር። እትዬ አስካለ «ነገም ካልወሰዱት እንለያያለን» አሉኝ።

አንድ ዓይን ብሥል ኅሊናዬ፣ ሁለት ብሥል ጋሽ በዳዳ እንቢ ሊሉኝ ነው። ጸሎቴን አድርሼ ብሩሹን አነሣሁና ነጂውን ከጀርባው ሣልሁት፤ ልጓሙን ይዞ፣ አንገቱን ወደ ፈረሱ ሰገግ አድርጎ። የደመናውን ቦታ አልነካሁትም።

በማግስቱ ጋሽ በዳዳ ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት። «አሁን ሥራ ላይ ነው» አሉና በጋዜጣ አስጠቅልለው ወሰዱት።

«አሁንስ ስንት ዓይን አለው?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ለፈረሱ የሚበቃውን።»

«በል፣ ሰኞ በጊዜ ና።»

ዛሬ ሸምግዬ በዚያው ሥዕል ቤት ጀማሪዎችን አሠራለሁ። ሰው ሊሥሉ ሲቀመጡ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ሰውየው ምን እየሠራ እንደሆነ እወቁ፤ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ያን ጊዜ ይታወቃችኋል።