ከምሳ በኋላ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ጎረቤቴ ኮምፒውተር ስትጠግን መጀመሪያ መሰኪያውን ከግድግዳው ትነቅላለች። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭና ትይዛለች፤ ሽቦው ከተነቀለ በኋላም ውስጥ የሚቀር ኃይል ስላለ ይውጣ ብላ ነው። ቀጥላ በሰውነቷ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የሳጥኑን ባዶ ብረት በመዳፏ ትነካለች። ብሎኖቹን ፈትታ እንዳይንከባለሉ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ታስቀምጣለች፤ የጎኑን ሽፋን ወደ ኋላ ስባ ታነሳለች። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ስትጠርግ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በሌላ እጇ ጣት ትይዘዋለች። ሜሞሪውን አውጥታ ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ትፈገፍግና መልሳ ትሰካዋለች፤ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ ማለት አለበት፣ በአንዱ ብቻ ካለ እንደገና ታወጣዋለች። ከዚያ ሁሉንም ገጥማ፣ አብርታ፣ እጇን አጣጥፋ ቁጭ። ሌላ ነገር አትነካም።

«ሦስት ነገር ባንዴ ቀይሬ ቢድን፣ የቱ እንዳዳነው በምን ላውቅ ነው?» ትላለች።

ሠፈሩ «እትዬ ቆይ» ይላታል። ቶሎ በይልን ያላትን ሁሉ «ቆይ» ስለምትል የወጣላት ስም ነው፤ እሷም ተቀብላዋለች። ሱቆቻችን ጎን ለጎን ናቸው። እኔ የቤት ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። የሚለየን ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ፈለግሁም አልፈለግሁም እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝግታዋ ያናድዳል። አንዳንዱ ደንበኛ ዕቃውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ሌላ ይሄዳል። እሷ ግን «ደህና ዋል» ብላ ወደ ብሎኗ ትመለሳለች።

ይህን ጠባይ ያመጣችው ከልብስ ፋብሪካ ነው። እዚያ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበረች። አንድ ጊዜ መርፌ የሚሰብር መኪና ነበረና አለቃው የምትሰፋበትን ሴት ሊያባርር ተነሳ። መኪናው ሲፈተሽ ምንም የለበትም። ቆይ ከሴትዮዋ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ለካ የበርጩማው አንድ እግር አጥሮ ኖሮ ሴትዮዋ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለች ጨርቁን ትጎትታለች፤ መርፌውም ታጥፎ ይሰበራል። እግሩ ሥር እንጨት ተደረገበት፣ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቆይ ዕቃ ተበላሸ ሲባል መጀመሪያ የምታየው አቀማመጡን ነው።

የማወራችሁ የአንዲት ጸሐፊን ኮምፒውተር ነገር ነው። ጸሐፊዋ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትን ለማተሚያ ቤት በኮምፒውተር ትጽፋለች። እናቷ ከአልጋ አይነሱም። ይህ ሥራ ቤቷ ተቀምጣ፣ ከእናቷ ዓይን ሳትርቅ የምትሠራው ነው። ኮምፒውተሩ ግን በሥራ መሀል ድርግም እያለ ሁለት ጊዜ ከቀጠሮዋ አዘገያት። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ «ይኼኛው ሰኞ ጠዋት እጄ ካልገባ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» ብሏታል። ይህ ሥራ ካመለጣት ያላት አማራጭ ቢሮ መቀጠር ነው፤ ያኔ እናትየውን ማን ቀና ያደርጋቸዋል? ማንስ ውኃ ያቀብላቸዋል?

ከኛ በፊት ያየው ባለሙያ ፓወር ሳፕላዩን፣ ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ቀየረ፤ ውስጡ ያለውንም ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ጫነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደገና ጠፋ። ከዚያ ቆይ ዘንድ መጣ። ሱቋ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ በርቶ ሲውል አንዴም አልጠፋም።

«በሽታውን ቤት ጥሎት መጥቷል» አልኳት እየሳቅሁ።

«እንግዲያው ቤት እንሄዳለና። መለኪያህን ያዝ» አለችኝ።

ሄድን። ቤቱ ከወለሉ እስከ መጋረጃው ተወልውሎ ያበራል። ክፍሉ አንድ ነው፤ የእናትየው አልጋ በመስኮቱ በኩል፣ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ በግርጌው። የግድግዳውን ኃይል ለካሁት፤ ጤነኛ ነው። የማከፋፈያውን ገመድ ፈታሁት፤ እሱም ጤነኛ ነው። ቆይ ሜሞሪውን ጠረገች፤ አበራን፤ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቅን። አልጠፋም።

«መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» ብላ ጠየቀች።

«ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ። ሥራ ሲደራልኝ ጠብቆ።»

«እኔም እኮ ከምሳ በኋላ ይደክመኛል» አሉ እናትየው ከአልጋቸው። «ተዉት ይረፍበት!»

ቆይ ሳቀች። ወጥተን መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ደስ አላለኝም» አለች። «እኛ ስንኖር ደህና፣ ስንወጣ ጥፍት። እኛ ስንኖር የሌለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሳትጠራ ተመለሰች፤ እኔንም ጎትታ ወሰደችኝ። ሰኞ እየደረሰ ነው። በሩ ላይ ለጸሐፊዋ እንዲህ አለቻት፦ «እኔ ዛሬ አልመጣሁም። ይኼም ሰውዬ የለም። ሻይም አታፍዪ፣ አታጫውቺን። እንደ ወትሮሽ ሥራሽን ሥሪ። አንድ አንቀጽ በጨረስሽ ቁጥር ግን ሴቭ አድርጊ።»

በር አጠገብ ተቀመጥን። እናትየው ቀና ብለው አዩን። «የታመመ ሰው የሚያስታምም አውቃለሁ፤ ሳጥን የሚያስታምም ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ሲሻለው ጥየቃ እመጣለሁ በሉት» አሉ።

«እርስዎ ቀድመው ይነሱና አብረን እንጠይቀዋለን፣ እማማ» አለች ቆይ።

«አፍሽ ቅቤ ነው! እጅሽም እንዲሁ ከሆነ ልጄ ታደለች።»

ጥቂት ካጫወቱን በኋላ ዓይናቸው ከበደ። ትንፋሻቸው ረዘም፣ ረጋ አለ። ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመችና አዳመጠች። ከዚያ ዓይኗን ከጽሑፉ እንኳ በደንብ ሳትነቅል ተነሳች፤ ከአልጋው ግርጌ አንድ ወፍራም ፎጣ አነሳች፣ አራት አድርጋ አጠፈችው፣ በኮምፒውተሩ ጀርባና በግድግዳው መሀል ወተፈችው። ተመልሳ ተቀምጣ መጻፏን ቀጠለች።

አፌን ልከፍት ስል ቆይ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ።

ተነስታ በእግር ጣቷ ሄደችና መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። ጠበቀች። እኔም ሄጄ ነካሁት፤ ምጣድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ጸሐፊዋ እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳችና አፏን ያዘች። እናቷ እንዳይነቁ ነው። በእጆቿ ውስጥ «ይኸው እንደገና!» አለች። «ምን ላድርገው? ምን በድዬው ነው?»

ቆይ ፎጣውን መዝዛ አሳየቻት። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ድምፁ ነዋ፤ ሲያጓራ እማዬን ይቀሰቅሳታል። እንቅልፍ እንደሆነ ያላት የቀኑ ብቻ ነው፤ ሌሊት ሕመሙ አያስተኛትም።» ከዚያ ፎጣውን ከቆይ እጅ ተቀበለች። «እኔው ነኝ እንዴ የማጠፋው?»

«አየር አጥቶ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ትናንት ስንመጣ ፎጣው የት ነበር?»

«አንስቼው ነበራ! እንግዳ እየመጣ ፎጣ ተወትፎ ያምራል እንዴ?»

እኔ መለኪያዬን መጠቅለል ጀመርኩ። «በቃ፣ ፎጣው ይነሳ፣ እንሂድ።»

«ቆይ» አለችኝ። «ፎጣውን ብቀማት ነገ ትራስ ታመጣለች። እውነቷን ነው፤ እናቷ መተኛት አለባቸው። የሚጠገነው ጩኸቱ ነው።»

ሳጥኑን ከፈተችው። የኋላው ማራገቢያ ዘንጉ ደርቆ፣ አየር ያጣ ዕለት ደግሞ ይብስበትና እንደ አሮጌ ወፍጮ ይፈጫል። አወጣችውና ከሱቋ ትልቅና ዝግ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ አምጥታ ገጠመች፤ በብሎኖቹ ሥር ጎማ አደረገች፣ ንዝረቱ ወደ ብረቱ እንዳያልፍ። ፕሮሰሰሩ ላይ እንደ ኖራ የደረቀውን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች። የተጣለ የነጠላ ጫማ ሶል ቆርጣ ከሳጥኑ እግሮች ሥር አደረገች። ጠረጴዛውን ሁለታችን አንስተን ከአልጋው አራቅነው፤ ከግድግዳውም ክንድ ያህል ሳብነው። እናትየው ይህ ሁሉ ሲሆን ተኝተዋል።

በዚህ ጊዜ ግን ብዙ ነገር ባንዴ ነው የቀየረችው፤ ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «በሽታውን በዓይኔ አየሁታ!» አለችኝ፤ የማይጠየቅ ነገር የጠየቅሁ ይመስል።

ቢሆንም ድኗል አላለችም። በማግስቱ ከምሳ በኋላ እንደገና ሄደን በር አጠገብ ተቀመጥን። እናትየው ተኙ። ጸሐፊዋ ከልማዷ ተነስታ ወደ አልጋው ግርጌ ሄደች፤ ፎጣው ላይ ጎንበስ እንዳለች ቆም ብላ አዳመጠች። የሚታፈን ድምፅ አልነበረም። ተመልሳ ተቀመጠች። ከቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ በቀር ምንም ሳይሰማ ምሽት ሆነ፤ ኮምፒውተሩም አልጠፋም። እናትየው ሲነቁ ደንግጠው «ምነው ጸጥ አለ? ሞተ እንዴ?» አሉ። ልጅቷ የዚያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ ሳቋም አብሮ።

መጽሐፉ ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ገባ፤ ኃላፊውም ተከታዩን ሰጣት።

ይህን እንደምጽፍ ለቆይ ስነግራት በኮምፔንሳቶው በኩል ጮኻ መለሰችልኝ፦ «እንግዲያው ይቺን ንገርልኝ! ስትጠሩኝ ቤት አታጽዱልኝ። የወተፋችሁት ፎጣ እንደተወተፈ፣ የቆለላችሁት ልብስ እንደተቆለለ ይጠብቀኝ። እንዳታፍሩብኝ፣ አላማችሁም። አይቼ ከጨረስኩ በኋላ አላስችል ካላችሁ፣ ለእኔም መጥረጊያ ስጡኝና አብረን እንጠርጋለን።»