ከመስኮት የወጣ እጅ

ባለቤቴ ካርቱም ላይ አሮጌ ቢጫ ታክሲ ነበረው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይጠፋል፤ ይልቁንም የባሕሪ ድልድይ ላይ መንገዱ ሲጨናነቅ። ያን ጊዜ ከኋላ ያለው ሁሉ ይሰድበዋል።

ማታ ቤት ሲገባ «ነይ፣ ሚኒሞውን እናስተካክል» ይለኛል፤ መኪናዋ ቆማ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ ማለቱ ነው። እኔ ጫማዬን አውልቄ መሪው ጋ እቀመጣለሁ፤ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ያዞራል። ሲያጠብቃት ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ሲያላላት ይበዛና ያፍነዋል። መሀሉን የምናገኘው በእኔ እግር ነበር። የወለሉ መርገብገብ ጸጥ ሲልልኝ እጄን በመስኮት አወጣለሁ፤ ኮፈኑ ስለሚጋርደን ሌላ መተያያ የለንም። «ከዚህች ሴት እግር የሚያመልጥ ሞተር የለም» እያለ ለሰፈራችን ለጀሪፍ ጎረቤቶች ያወራ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ኋላ ልቡ ውስጥ ሊቢያ ገባ። ከሊቢያ ወዲያ ባሕር፣ ከባሕር ወዲያ ኢጣልያ። ለመንገዱ መኪናዋን ሊሸጥ ሆነ። አትሂድ ብዬ ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ አኩርፌም ሞከርኩ። መልሱ አንድ ነው፤ «ኢንሻአላህ ዓመት ሳይሞላ እወስድሻለሁ።»

ገዢው በመጣ ዕለት ሞተሩ ልማዱን አመጣ፤ ተንቀጥቅጦ ጠፋ።

«ያ ሐጅ፣ ይሄ መኪና ወባ አለበት እንዴ?» ብሎ ሳቀና ሊሄድ ተነሳ።

«አንዴ ታገሰኝ» አለው ባለቤቴ። ወደ እኔ ዞሮም «ያላ፣ ነይ ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። እግሬን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። እጄን ባላወጣ መኪናዋ አትሸጥም፤ ካልተሸጠች እሱ አይሄድም። ይሄን እያወቅሁ ነው የተቀመጥሁት። ብሎኗን አዞረ፣ መለሰ፣ ደግሞ ትንሽ አዞረ። መርገብገቡ ጸጥ አለ። እጄ ወጥቶ ነበር። ስንት ዓመት የለመደ እጅ፣ እኔን መች ጠየቀኝ።

«ማሻአላህ» አለ ገዢው።

ባለቤቴ ከሊቢያ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር የሰው ልብስ እያጠብሁ ልጆቼን አሳደግሁ። አሁን የልጅ ልጆቼ አያታቸው የት እንደተቀበረ ይጠይቁኛል፤ እኔ ምን አውቄ።

ታክሲዋን ግን ከተሸጠች በኋላም ብዙ ጊዜ አያት ነበር። ድልድዩ ላይ መንገዱ ሲዘጋ ከመኪናው መሀል ትቆማለች። አትንቀጠቀጥም፣ አትጠፋም። ደኅና አድርገን ነው ያስተካከልናት።