ወደ ጅቡቲ የተሸከምነው ድምፅ ማጉያ

ሰኞ ጠዋት፣ ላስ ቬጋስ

ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቴ ስወጣ ደስታዬ ከሻንጣዬ ይከብድ ነበር። ሻንጣዬም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይዟል። አብረውኝ የሚጓዙት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ወርቁም አንድ ተመሳሳይ ይዘዋል። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሻንጣ መጫን ማንም አያስተምራቸውም።

የምንሄደው ጅቡቲ ያለችውን ትንሽ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ለመደገፍ ነው። አገሩ የሙስሊም አገር ነው፤ ምእመናኑ አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችና የወደብ የቀን ሠራተኞች ናቸው። መጋቢው ፓስተር ምስክር በድምፅ መልእክት እንዲህ ብሎን ነበር፦ «ለዕቃ አትቸገሩ። ሰው ብቻ ላኩልን፤ አብራችሁን ጸልዩ፣ ያ ይበቃናል።»

ሰምተን ሳቅን። አበሻ «ምንም አታምጡ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ይሉኝታ ነው ተባለ፤ ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። እኔ የካዚኖ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ መሣሪያ የምገጥም ሰው ስለሆንኩ ስጦታውን መረጥኩ። ድምፅ ማጉያ የማትፈልግ የአበሻ ቤተ ክርስቲያን በሕይወቴ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ጅቡቲ

«ሙቀት አትፍራ፣ እኛ የቬጋስ ሰዎች ነን» ይሉኝ ነበር ጋሽ ወርቁ በመንገድ ሁሉ። ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተለጠፈ። «ዮናስ፣ ይሄ ሙቀት አይደለም፣ ሾርባ ነው» አሉ።

ጉምሩክ ላይ አንድ ወጣት ሻንጣዬን ከፍቶ «ሰርግ አላችሁ?» ብሎ ሳቀና አሳለፈን። ፓስተር ምስክር ውጭ ጠበቀን። ቀጭን፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። ድምፅ ማጉያውን ሲያይ ግን ፈገግታው ለአፍታ ደረቀ። «ተባረኩ» አለ በመጨረሻ። እኔ ደስታ አፉን ያስያዘው መሰለኝ።

ታክሲው ሁለት ሺህ ፍራንክ አስከፈለን። ምሳችን ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ ጠርዙ ያረረ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር፣ ትልቁ አንድ ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ። ጋሽ ወርቁ ጭንቅላቱን እንኳ አልተዉም።

እየበላን ፓስተር ምስክር ስለ አዳራሹ ነገረን። አከራዩ ሐጂ ዑስማን ይባላሉ፤ ቤታቸው ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ውሉ ቅዳሜ ይታደሳል። «ከዚህ በፊት ቦታ አጥተን አንድ ዓመት በየቤቱ ተበትነን ነበር» አለ። «እሳቸው ባይኖሩ ዛሬም እዚያው ነበርን።»

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ፓስተር ምስክር ከምሳ በኋላ «ከተማው እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል፤ አንተም ጋደም በል» አለኝ። እውነትም ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ መንገዱ ላይ ፍየል ብቻ ቀርቷል። የቬጋስ ሰው ግን ቀን መተኛት የሚያውቀው የሌሊት ሺፍት ሲሠራ ነው። ለነገው አምልኮ ሁሉን አዘጋጅቼ ላስደንቃቸው ብዬ ብቻዬን ወደ አዳራሹ ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ገጠምኩ፣ ከፈትኩ። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት!» ከዚያ አንድ መዝሙር ለቀቅኩበት። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ እንዴት እንደሚያምር! ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አነሳሁ።

ስገልጥ በሩ ላይ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ቆመዋል። ከኋላቸው ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ ጥርት ባለ የድሬዳዋ አማርኛ። ሐጂ ዑስማን ነበሩ። ማጥፊያውን ፈልጌ ዘጋሁት። «ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንቅልፍ አልነሳችሁኝም ነበር» ብለው ዞረው ሄዱ።

ፓስተር ምስክር በባዶ እግሩ ሮጦ መጣና የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድም ዮናስ፣ ሰው ብቻ ላኩልን ያልነው እኮ ሰው ብቻ ፈልገን ነው።»

አሥር ሰዓት ላይ ሦስታችንም ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ሐጂ ሻይ አቀረቡልን፣ ስለ ድሬዳዋ አጫወቱን። ፓስተር ምስክር «የነገሩ ጥፋት የእኛ ነው፤ ይቅር ይበሉን» ሲላቸው፣ «የውሉን ነገር ቅዳሜ እንነጋገራለን» አሉ። በእኔ የተነሳ አርባ ሰው ሊበተን ነው ብዬ ሻዩን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ዓርብ

እዚህ የሚሰበሰቡት ዓርብ ጠዋት ነው፤ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ማይክ የለም፣ ኪቦርድ የለም። ሰናይት የምትባል የቤት ሠራተኛ ቁጭ እንዳለች ጀመረች፤ ሌሎቹ እጃቸውን በቀስታ እያጨበጨቡ ተቀበሏት። አንዷ ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ አንዱ የወደብ ሠራተኛ ዜማውን ሁሌ ይቀድማል፣ አንዲት እናት ልጇን እያጠባች ትዘምራለች። ዕድሜዬን ሙሉ በድምፅ ስሠራ እንዲህ እያንዳንዱን ሰው ለይቼ ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ስንወጣ ሐጂ ዑስማን በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«የማውቃቸው ጎረቤቶቼ ዛሬ ተመለሱ» አሉ ለፓስተሩ።

ቅዳሜ የውሉን ወረቀት ራሳቸው ይዘው መጡ። ጋሽ ወርቁ ከደስታ ብዛት ሊያቅፏቸው ተነሡ። ሐጂ ግን ብዕሩን ከማንሳታቸው በፊት በጣታቸው ድምፅ ማጉያዎቹ ወዳሉበት ጥግ አመለከቱ፦ «እነዚያ ሁለቱ ከእንግዶቹ ጋር ይሄዳሉ።»

በሳምንቱ እሑድ፣ ላስ ቬጋስ

ድምፅ ማጉያዎቹን ይዘን ተመለስን። የኤርፖርቱ ሰው «ስንት ሻንጣ?» ሲለን ጋሽ ወርቁ «ያው የሄደው ነው» አሉት። ሰው ሰው ሲጠይቅ ሰው መላክ እንደሚበቃ ለመማር ያን ሁሉ ኪሎ ተሸክሜ ባሕር ተሻግሬ መመለስ ነበረብኝ።

እሑድ እንደ ልማዴ ከኋላ ድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ ቆምኩ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ድምፁን በቀስታ ቀነስኩት፣ ከዚያ ጨርሶ ዘጋሁት። ዘማሪዎቹ ደንግጠው ማይኩን አዩት። ፊት ወንበር ላይ ጋሽ ወርቁ ብቻቸውን በሻከረ ድምፃቸው ቀጠሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ተቀበለቻቸው፣ ከዚያ አንድ ልጅ።

አጠገቤ የነበሩ እናት ዞረው «ዮናስዬ፣ ምን ተበላሸ?» አሉኝ።

«ምንም አልተበላሸም፣ እማዬ» አልኳቸው። «እርስዎም ይዘምሩ፤ ልስማዎት።»