የአባቴ ግማሽ ቃል

ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈለግበት የሚያሰማው ሽርርታ ዛሬም ድንገት ጆሮዬ ሲገባ፣ ማንኩሳ አጠገብ ባለው ቤታችን መደብ ላይ ተቀምጬ ዜና እስኪጀመር የምጠብቅ ልጅ እሆናለሁ። አባቴ የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እያሞቀ፣ ራት ሲነሣ ሬዲዮውን ይከፍት ነበር፤ ጎረቤቶቻችንም ጋቢያቸውን ተከናንበው እየመጡ ዙሪያውን ይቀመጡ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው አያ ሽባባው ነበር፤ የወንድሜ የክርስትና አባት፣ የአባቴ የወንፈል ጓደኛ። ዜና አንባቢው «አርሶ አደሩ ምርቱን እጥፍ አደረገ» ሲል፣ እሱ «ይኸ ሰው የት አገር ነው? ሄደን እንቀጠርለት እንጂ!» እያለ ቤቱን በሳቅ ይሞላው ነበር።

አንድ ክረምት ግን ሳቁ ጠፋ። ማዳበሪያው ዘግይቶ፣ ለእኛ በቆሎው ከበቀለ በኋላ ደረሰን፤ ለአያ ሽባባውና ለሌሎች ብዙዎች ጭራሽ ሳይደርሳቸው ቀረ። ሐምሌ ላይ ጋዜጠኞች በመኪና መጥተው አባቴን ማሳው ዳር አቆሙት፤ እኔም እናቴን ተጠግቼ ሲናገር ሰማሁት። «ማዳበሪያው ደርሶናል፣ ተመስገን» አለ፤ «ግን የደረሰን ቡቃያው ከወጣ ወዲያ ነው። እነ ሽባባውማ ዛሬም አላገኙ፤ ማሳቸውን ሂዱና እዩት።» ጋዜጠኛው አመስግኖት፣ ማሳውን ሳያይ መኪናው ውስጥ ገባ።

ዜናው የሚነገርበት ምሽት ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ። የአባቴ ድምፅ ከሬዲዮው ሲወጣ እናቴ እልል ልትል ቃጥቷት ነበር። «ማዳበሪያው ደርሶናል፣ ተመስገን» አለ ድምፁ፤ ወዲያው አንባቢዋ ተቀብላ የአካባቢው ገበሬ መደሰቱን ተናግራ ወደ ሌላ ዜና አለፈች። አያ ሽባባው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ዱላውን አነሣ።

«እንግዴህ የእኔም ማሳ ጠግቧል ማለት ነው፣ አያ ይስማው?» አለው አባቴን።

«ኧረ በማርያም! ስላንተም ተናግሬያለሁ! ቆርጠውት ነው!»

«ሬዲዮው የተናገረው ግን በአንተ አፍ ነው» ብሎ ወጣ።

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ የአያ ሽባባው በቆሎ ገና ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቆሞ ነበር። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ለአቤቱታ ቢሄዱ፣ ሹሙ «የራሳችሁ ሰው ደርሶናል ብሎ የለም እንዴ!» ብሎ መለሳቸው። አባቴ ይኸን ሲሰማ ቀሪውን ቃሉን እንዲያወጡለት ሊለምን ፍኖተ ሰላም ማስታወቂያ ቢሮ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ያገኘው ወጣት ግን «አባት፣ የተናገሩት ተላለፈልዎ እኮ፣ ምን ጎደለብዎ?» ብሎ ሸኘው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ለዜና እኛ ቤት አይመጣም ነበር። በማኅበር ቀን እንኳ አባቴ ሲገባ ወሬ ይቋረጥ ነበር፤ እሱም ጽዋውን ቀምሶ አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር።

በጋ ላይ አያ ሽባባው በሬውን ሸጦ፣ ቤተሰቡን ይዞ ለቀን ሥራ ወደ ቡሬ ተነሣ። አባቴ መንገድ ድረስ ወጥቶ ጠበቀው። «እንደዚያ እንዳላልህ እኔ አውቃለሁ» አለው አያ ሽባባው ትከሻውን ይዞ፤ «አገሩ ግን አያውቅም፤ ለአገሩ ደግሞ ማን ይነግረዋል?» አልተመለሰም። በዓመቱ የሞቱ ወሬ መጣ፤ አባቴ ለቅሶ ሲደርስ ባልቴቲቱ ቀና ብላ አላየችውም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ከውጭ አገር የሚተላለፍ ጣቢያ ያዳምጥ ጀመር። ያኛው ደግሞ ስለ እኛ አገር ሲያነሣ ሞት፣ ቃጠሎና ረሃብ ብቻ ነበር የሚያወራው። «አንዱ ሠርግ ብቻ፣ አንዱ ለቅሶ ብቻ!» ይል ነበር እየተቆጣ፤ «እንደኛ ሁለቱንም የሚኖር ሰው የለም?»

ዛሬ እኔ ቡሬ እኖራለሁ፤ አርጅቶ ዓይኑ የደከመው አባቴም ከእኔ ጋር ነው። የወንድሜ ቤት እዚያው ማንኩሳ አጠገብ ነው፤ ሰሞኑን በዚያ ተኩስ ተነሥቷል። ቴሌቪዥኑ አካባቢው ሰላም ነው ይላል፤ በስልክ የሚዞረው ወሬ የተረፈ የለም ይላል፤ የወንድሜ ስልክ ደግሞ ከብዙ ቀን ጀምሮ አይሠራም። አባቴ «ምን አሉ?» ይለኛል፤ እኔም የወንድሜን ቁጥር እንደገና እደውላለሁ። በልጅነቴ ዜናው ሲያጎድል ማሳው ከደጃችን ነበረና ወጥተን እናየው ነበር። አሁን መንገዱ ተዘግቷል፤ የሰማሁትን አላምን፣ ያልሰማሁትን እፈራለሁ።