በአንድ ስልክ ዘጠኝ ማሳ

ያኔ የምሠራበት ቢሮ ከአሰላ መናኸሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ነበር። አሁን የሞባይል ቀፎ ይሸጥበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የናፍጣና የገለባ ሽታ ይመጣብኛል።

አለቃችን ሦስት ኮምባይነሮች ያከራይ ነበር። መኸር ሲደርስ ከኢተያ እስከ ሲሬ ያሉ ገበሬዎች ስንዴያቸውን ለማሳጨድ እኛ ዘንድ ተራ ይይዛሉ። ተራውን የሚመዘግቡት እትዬ የምላቸው ሴት ነበሩ። እትዬ ሰውን በስሙ ብቻ አይጽፉም። «ሁለት ባሕር ዛፍ ያለበት ማሳ»፣ «ውሻው ይናከሳል»፣ «ሚስቱ አራስ ናት፣ አትዘግዩባት» ይላል ደብተራቸው። ያኔ ግጥም እሞካክር ስለነበር እሳቸው ምሳ ሲወጡ እየገለጥኩ አነበው ነበር።

እኔ የተቀጠርኩት ኮምፒውተር አውቃለሁ ብዬ ነው። አለቃችን ሥራው በስልኩ እንዲታየው ፈለገና ሶፍትዌር ፈልግ አለኝ። ለትንንሽ ድርጅቶች የሚሆኑ ፕሮግራሞች የተደረደሩበት አንድ የኢንተርኔት ገበያ አገኘሁ። የፀጉር ቤት አለ፣ የክሊኒክ አለ፣ የጋራዥ አለ፤ በእያንዳንዱ ሥር ገዢዎች ኮከብ ሰጥተው አስተያየት ጽፈዋል። የኮምባይነር ግን የለም። ለቧንቧ ሠራተኞች የተሠራ አንዱን መረጥኩ።

እትዬ በትከሻዬ በኩል ሲያዩ ቆይተው፣ «ዋጋ አይከራከሩበትም?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ የተቆረጠ ነው።»

«ሻጩስ የታለ?»

«አይታይም።»

«ታዲያ ምኑን ገበያ ሆነ፣ ገጣሚው?»

ደብተሩን ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ወደ ፕሮግራሙ ገለበጥኩት። ስምና ስልክ ብቻ፤ ባሕር ዛፉንና ውሻውን ተውኩት። ስጨርስ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ አመጣ፤ ዘጠኝ ደንበኞች አንድ ስልክ ቁጥር አላቸው፣ አንድ ሰው ናቸውና ላዋህዳቸው? ጽዳት መስሎኝ እሺ አልኩ። ኔትወርክ በማይደርስበት መንደር ዘጠኝ ጎረቤታሞች ቤታቸው ጉብታ ላይ ባለ አንድ ሽማግሌ ስልክ እንደሚጠሩ የቧንቧ ሠራተኞቹ ፕሮግራም አያውቅም። እኔ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነበርኩ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ደወሉ። እትዬ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሹፌሩ፣ ‹በስልኬ የመጣልኝ አንድ ማሳ ነው፣ የእርስዎን አጭጄ ወደ ሲሬ እሄዳለሁ› ይለኛል። ስምንቱ ጎረቤቶቼስ?»

«አሁን የት ነዎት፣ አባባ?»

«ኮምባይነሩ ፊት ቆሜያለሁ። ይሳደባል መሰለኝ። በሞተሩ ጩኸት ስለማይሰማኝ ተስማምተናል።»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፈለግኩ። የእሳቸው ስም ብቻ ነው ያለው። ኮምባይነሩ አንዴ ከሄደ ቶሎ አይመለስም፤ ጭላሎ ተራራ ላይ ደግሞ ያለጊዜው የመጣ ደመና ነበር። እትዬ መሳቢያቸውን ሳቡ። አለቃችን ይጣሉት ብሎ ያዘዛቸው ደብተር እዚያው ነው። አንድ በአንድ፣ ከታች ካለው ማሳ ጀምረው ለሹፌሩ በስልክ አነበቡለት። መስመሩ ይቆረጣል፣ እንደገና ይደውላሉ። ሹፌሩ አለቃዬን ጠይቄ ነው አለ፤ አለቃችን ተፈልጎ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘነበ። የስምንቱ ስንዴ ገብቷል። የሽማግሌው ግማሹ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ከእትዬ ጋር ሄድኩ። ዛላው ውኃ አዝሎ ተኝቷል። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ በእኔ ምክንያት ያ ግማሽ ቀን ባይባክን ኖሮ ሁሉም ይደርስ እንደነበር ነገርኳቸው። ሽማግሌው አንድ ዛላ በመዳፋቸው አሽተው እፍ አሉበት።

«መጨረሻ ልሁን ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ስልኩ ያለው ሰው ቀድሞ ካሳጨደ፣ ነገ ማን ቁጥሩን አምኖ ይሰጣል?» ቀጥለው ወደ እትዬ ዞሩና፣ «ይሄን ልጅ ሻይ አጠጪው፣ ከስንዴው ይልቅ እሱ ነው የረጠበው» አሏቸው።

ፕሮግራሙን አልተውነውም። የተዋሃዱትን መልሼ ለየኋቸው፤ ማስታወሻ የሚል ሳጥን ስለነበረው እትዬ እያነበቡ ባሕር ዛፉንም፣ ውሻውንም፣ አራሷንም አስገባሁ። የኢንተርኔት ገበያው አስተያየት ሲጠይቀኝ ሦስት ኮከብ ሰጠሁና፣ ስልክ የሚዋዋሱ ሰዎች ባሉበት አገር ማዋሃጃውን አትንኩ ብዬ ጻፍኩ። ከአንዲት አበባ ሻጭ ምስጋና ሥር እስካሁን አለ።

እትዬ ልጃቸው ዘንድ አዳማ ሄዱ። አለቃችንም ኮምባይነሮቹን ሸጠ። ደብተሩን ስንሰነባበት ሰጡኝ። የሽማግሌውን ገጽ ያኔ ሰርቄ ሳነብ ግጥም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሥራ ትእዛዝ ነው። «ጉብታው ላይ። ስልኩ የሁሉም ነው። እሱ መጨረሻ።»